በእንግሊዝ ፓርላማ የክርክሩ ሰዓት በማን እጅ እንደ ሆነ

(በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ስብሰባ ላይ፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ወራት የክርክር ማኅበራችንም መተዳደሪያ ደንቡን እንደ ገና ለመጻፍ ተነሥቷል። ከረቂቁ አንቀጾች ሁሉ ብዙ ያነጋገረን አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ከተሰበሰቡት መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት ከጠየቁ ክርክሩ ወዲያው ይዘጋል የሚለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ይህን አንቀጽ ከማጽደቃችን በፊት፥ በዚሁ ጉዳይ ከመቶ ዓመት በላይ የተጨነቀ አንድ ምክር ቤት ምን እንዳደረገ ብንመለከት ይሻላል ብለን፥ የእንግሊዝን ፓርላማ፥ ይልቁንም የታችኛውን ምክር ቤት፥ ለዛሬ ንግግራችን መረጥን። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

«ምነው የክርክሩን ፍሬ ትታችሁ ስለ ደንቡ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ደንብ ደረቅ ነገር ነው፤ እንደ ቅኔ አይጣፍጥም፥ እንደ ጦርነት ታሪክም ልብ አይሰቅልም። ዳሩ ግን አባቶቻችን በልሃ ልበልሃ እያሉ ሲሟገቱ በነበረበት ዘመን፥ ነጠላውን አደግድጎ በዳኛ ፊት የቆመ ሰው የሚፈረድለት እውነት ስለ ያዘ ብቻ አልነበረም። ተራውን መጠበቅ፥ ጥያቄውን በወጉ ማቅረብ፥ ባላጋራውንም በቃል ማጥመድ ነበረበት። የሙግቱን ወግ ያላወቀ ሰው እውነቱን እንደ ያዘ ተረትቶ ይሄድ ነበር። በፓርላማም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በመጀመሪያ አዳራሹን እንመልከት። በፈረንሳይና በሌሎችም አገሮች እንደራሴዎች በግማሽ ክብ በተደረደረ ወንበር ሲቀመጡ፥ በለንደን ግን መንግሥትን የሚደግፉትና የሚቃወሙት በሁለት ወገን ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ባለው ወለል ላይ ሁለት ቀይ መሥመሮች አሉ፤ ተናጋሪው የራሱን ወገን መሥመር አልፎ መናገር አይፈቀድለትም። በመሥመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ሰይፍ ርዝመት ይበልጣል እየተባለ ይነገራል። ይህ አዳራሽ በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ተቃጥሎ ነበር። በ1943 እንደ ገና ስለሚሠራበት ሁኔታ ሲመከር፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ሁለት ነገር አጥብቀው ጠየቁ፤ አንደኛው ቅርጹ እንደ ቀድሞው አራት ማዕዘን እንዲሆን፥ ሁለተኛው ደግሞ እንደራሴዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጥ ስፋት እንዳይኖረው ነበር። አዲሱ አዳራሽ በ1950 ሲከፈት እንዳሉት ሆነ። ዛሬ እንደራሴዎቹ 650 ሲሆኑ መቀመጫው ግን 427 ያህል ነው። እኛ ለሠርግ ዳስ ስንጥል የተጠራው ሁሉ እንዲገባበት አድርገን ነው፤ ቸርችል ግን ባዶ ወንበር የበዛበት አዳራሽ ክርክርን ያቀዘቅዛል፥ ትልቅ ጉዳይ በመጣበት ቀን መጣበቡ ደግሞ የነገሩን ክብደት ያሳያል ብለው ያምኑ ነበር።

ከሁለቱ ወገኖች መካከል አፈ ጉባኤው ተቀምጧል። አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ሲመረጥ ከፓርቲው ይወጣል፤ በክርክሩም ውስጥ ገብቶ አይከራከርም። በአገራችን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አፈ ንጉሥ የሚባለው ማዕርግ በንጉሡ ስም ለሚፈርድ ታላቅ ዳኛ የሚሰጥ ነበር። አፈ ጉባኤ ደግሞ፥ ስሙ እንደሚያመለክተው፥ የጉባኤው አፍ ነው። የእንግሊዙም ሹም በጥንት ጊዜ የምክር ቤቱን ቃል ለንጉሥ የሚያደርስ ስለ ነበር ተናጋሪ ተባለ። በ1642 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ወታደሮች አስከትሎ አምስት እንደራሴዎችን ሊይዝ ወደ ምክር ቤቱ በገባ ጊዜ፥ አፈ ጉባኤው ዊልያም ሌንታል በጕልበቱ ተንበርክኮ፥ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በቀር የሚያይበት ዓይን የሚናገርበትም አንደበት እንደሌለው ለንጉሡ መለሰለት። ንጉሡም የፈለጋቸውን ሳያገኝ ወጣ።

ለመናገር የፈለገ እንደራሴ ከመቀመጫው ይነሣል፤ አፈ ጉባኤው ካየውና ከጠራው ይናገራል፥ ካልጠራው ይቀመጣል። ቃሉንም የሚያቀርበው ለአፈ ጉባኤው እንጂ ለባላጋራው አይደለም። ባላጋራውን «አንተ» ብሎ በቀጥታ መናገር ወይም በስሙ መጥራት የተከለከለ ስለ ሆነ፥ የዚህ ወይም የዚያ አውራጃ የተከበሩ እንደራሴ እያለ ዙሪያውን ይሄዳል። ይህ ለቀልድ የሚመች ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ወዲያው ይታያል፤ የተቈጣ ሰው ቍጣውን በሦስተኛ ሰው በኩል ሲልከው በመንገድ ላይ ጥቂት ይበርዳል። ሌላውን እንደራሴ ውሸታም ማለትም አይፈቀድም። በ2021 ዶን በትለር የተባሉት የተቃዋሚው ወገን እንደራሴ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋሽተዋል ብለው፥ ቃላቸውን እንዲያነሡ ቢጠየቁ እምቢ ስላሉ የዚያኑ ቀን ከአዳራሹ እንዲወጡ ታዘዙ። በዚህ ደንብ ላይ እኛ ራሳችን ተከፋፍለናል። ገሚሶቻችን ስድብ ከተጀመረ ክርክር ያበቃል እንላለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ የዋሸው ተቀምጦ ዋሸ ያለው የሚወጣበት ቤት ያሳዝናል እንላለን። የሰምና ወርቅ ልጆች ስለ ሆንን ግን ቃሉን ሳይጠሩ ነገሩን ማስረዳት የሚያቅተን አይመስለንም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጨዋነት ነው። የደንብ ኃይል እውነተኛ መልኩ የሚታየው ሰዓት ሲነካ ነው፤ ስለዚህ ወደ 1881 እንሂድ።

በዚያን ጊዜ አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ነበረች። ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ስለ ጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በወረርሽኝ አልቆባት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጭሰኛው የመሬት ኪራይ መክፈል ባልቻለ ጊዜ ከቤቱ ይባረር ነበር። ለአየርላንድ የራሷ አስተዳደር እንዲሰጣት የሚሟገቱት እንደራሴዎች በለንደን ምክር ቤት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ድምፅ በተሰጠ ቍጥር ይሸነፋሉ። እነርሱም ድምፅ እንደማያወጣቸው ባወቁ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም የምክር ቤቱ ደንብ ለማንም ተናጋሪ የሰዓት ወሰን አላደረገም። የደንቡ አባቶች ጨዋ ሰው ራሱን ይገታል ብለው ስለ ተማመኑ መዝጊያ አላበጁለትም ነበር።

ጆሴፍ ቢገር የተባሉት የቤልፋስት ነጋዴ በ1875 ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ተናገሩ፤ የተናገሩትም ከመንግሥት ወረቀቶች እያነበቡ ነበር። አፈ ጉባኤው ድምፅዎ አይሰማኝም ቢሏቸው፥ ቢገር ወረቀታቸውን ሰብስበው ወደ ፊት ቀረቡና፥ እንግዲያው ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ አሉ ተብሎ ይነገራል። በኋላም ቻርልስ ስቲዋርት ፓርኔል ይህን ብልሃት ወደ ሥርዓት አመጡት፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል፥ በእያንዳንዱ ጥቃቅን ነገር ላይ ማሻሻያ ይቀርባል፥ ጉባኤው ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ ይጠየቃል፥ በጥያቄውም ላይ ደግሞ ክርክር ይከፈታል።

በጃንዋሪ 1881 የግላድስተን መንግሥት በአየርላንድ የተጠረጠረን ሰው ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ጉባኤው ሰኞ ጃንዋሪ 31 ቀን፥ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ፥ ተጀመረ። ሰኞ ሌሊት ዐለፈ፤ ማክሰኞ ነግቶ መሸ፤ ረቡዕም ነጋ፤ ክርክሩ አላበቃም። በምክር ቤቱ ልማድ አንድ ጉባኤ እስኪነሣ ድረስ እንደ አንድ ቀን ስለሚቈጠር፥ በመዝገቡ ላይ ገና ሰኞ ነበር። ኢያሱ ፀሐይን በገባዖን እንዳቆመ፥ አየርላንዶቹም የሰኞን ቀን ያለ ጸሎት አቆሙት ብንል አያስነቅፈንም። በረቡዕ ጧት ሦስት ሰዓት ከታለፈ በኋላ፥ ጉባኤው 41 ሰዓት ተኩል ያህል ከቈየ ዘንድ፥ አፈ ጉባኤው ሄንሪ ብራንድ ተነሥተው፥ ከእንግዲህ ሌላ ተናጋሪ እንደማይጠሩ ከያዙት ወረቀት አነበቡ፤ ነገሩንም ወዲያው ለድምፅ አቀረቡ። አየርላንዶቹ መብታችን ተነካ እያሉ ጮኸው ከአዳራሹ ወጡ። በማግሥቱም 36ቱ ከጉባኤው ታገዱ።

ይህን ስናነብ ልባችን በሁለት ተከፈለ። አንድ ምክር ቤት ሥራ መሥራት ካልቻለ ምክር ቤት አይደለም፤ ብራንድም መታገሥ እስኪችሉ ታግሠዋል። ዳሩ ግን በዚያች ጧት ያን እንዲያደርጉ የሚፈቅድላቸው አንድም የተጻፈ ደንብ አልነበረም። አስቀድመውም ከግላድስተን ጋር ተማክረው ነበር። ዳኛው ከአንደኛው ወገን ጋር ተነጋግሮ በጨዋታው መካከል አዲስ ሕግ ቢያወጣ፥ በእግር ኳስ ሜዳችን ላይ እንኳ ምን ያህል ጩኸት እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። ጩኸቱን የሚያነሡትም ተሸናፊዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ነገ በእኔ ይደርሳል የሚል ሁሉ ይጮኻል።

ስለዚህ በ1882 ነገሩ በደንብ ተጻፈ፤ በኋላም ደጋግሞ ተሻሻለ። ዛሬ ማንም እንደራሴ ክርክሩ ተዘግቶ ድምፅ ይሰጥ ብሎ መጠየቅ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ሁለት በር ጠባቂዎች ቆመዋል። አንደኛው አፈ ጉባኤው ነው፤ ጥያቄው የጥቂቶችን መብት የሚጥስ ወይም ደንቡን ያለ አግባብ የሚጠቀም መስሎ ከታየው አይቀበለውም። ሁለተኛው ቍጥር ነው፤ አብላጫ ድምፅ ብቻ አይበቃም፥ መዝጋቱን የሚደግፉት ከ100 ማነስ የለባቸውም። ሠላሳ ሰዎች በሃያ ሰዎች ላይ ክርክር መዝጋት አይችሉም ማለት ነው። እኛ ካነበብነው ሁሉ በጣም የወደድነው ይህን ነው። በ1887 ደግሞ ጊሎቲን የተባለው መጣ፤ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አንገት በተቈረጠበት መሣሪያ ስም ተጠራ። መንግሥት ረቂቁ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ያልቃል ብሎ አስቀድሞ ያስወስናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያልተነጋገሩበት አንቀጽ ሳይቀር ለድምፅ ይቀርባል። እንግዲህ ሰዓቱ ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ በመንግሥት እጅ ገባ። አየርላንዶቹ ዝም ለማሰኘት ሲባል የወጣው ደንብ በኋላ እንግሊዞቹን ራሳቸውን አስሯቸዋል።

ሆኖም አሮጌው ብልሃት ፈጽሞ አልሞተም፤ ዓርብ ዓርብ ይነሣል። በዓመቱ የጉባኤ ዘመን 13 ዓርቦች ሚኒስትር ያልሆኑ እንደራሴዎች ለሚያቀርቡት ረቂቅ ሕግ ተሰጥተዋል። ጉባኤው የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር በስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ተቃዋሚው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መናገር ከቻለ፥ ክርክሩንም የሚዘጉ መቶ ሰዎች ካልተገኙ፥ ረቂቁ ወድቆ ይቀራል። ዓርብ ደግሞ ብዙዎቹ ወደየአውራጃቸው የሚሄዱበት ቀን ነው። ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላም ያልተነጋገሩባቸው ረቂቆች ስማቸው ብቻ ይጠራል፤ ማንም ዝም ካለ ያልፋሉ፥ አንድ ሰው ብቻ «እቃወማለሁ» ካለ ይቆማሉ። በ2018 ሴቶችን ሳያውቁ ከቀሚሳቸው ሥር ፎቶግራፍ ማንሣትን ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ ሲጠራ፥ ሰር ክሪስቶፈር ቾፕ ይህችን አንዲት ቃል ተናገሩ፤ ረቂቁም በዚያው ቆመ። በየካቲት ወር 2019 ደግሞ ልጃገረዶችን ከግርዛት ለመጠበቅ የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን በሚያሰፋው ረቂቅ ላይ እንዲሁ አደረጉ። አገር ተቈጣ፤ የገዛ ፓርቲያቸውም ሰዎች አፈሩባቸው። የእርሳቸው ምላሽ ግን ሕግ ሳይነጋገሩበት ማለፍ የለበትም የሚል ነበር። ይህ ምላሽ፥ ብንወድም ባንወድም፥ ባዶ አይደለም፤ እኛ ግን በግርዛት የምትሠቃይ ልጅ ባለችበት ዓለም የአንድ ሰው አፍ ብቻውን ይህን ያህል እንዲከብድ አንወድም። መንግሥት ራሱ ጊዜ ሰጥቶ ሁለቱም ነገሮች በዚያው በ2019 ሕግ ሆኑ።

ከዚህ ላይ ወደ አሜሪካ ጥቂት ብንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ሴኔት ክርክርን በመዝጋት ረገድ ከእንግሊዞች እጅግ የዘገየ ነው። መዝጊያ ደንብ ያወጣው በ1917 ሲሆን፥ ለመዝጋትም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅ ነበር፤ ከ1975 ወዲህ 60 ድምፅ ሆኗል። በለንደን ከነገሩ የወጣና ቃሉን የሚደጋግም ሰው በአፈ ጉባኤው ይገታል፤ በሴኔት ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ መገቻ የለም። በ1935 ሴናተር ሂዩይ ሎንግ ከ15 ሰዓት በላይ ሲናገሩ ስለ ምግብ አሠራር እስከ ማስረዳት ደርሰዋል፤ ወጥ ቤታችን ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። በ1957 ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሴናተር ስትሮም ተርሞንድ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ያህል ቆመው ተናገሩ፤ የተናገሩትም ጥቁሮች አሜሪካውያን በምርጫ ድምፅ የመስጠት መብታቸው እንዲጠበቅ የሚያደርገውን ሕግ ለማሰናከል ነበር። ሕጉ ዐለፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1964፥ የጥቁሮችን እኩልነት በሚያረጋግጠው በታላቁ ሕግ ላይ የደቡብ ሴናተሮች ለወራት ተከራክረው፥ በጁን 10 ቀን በ71 ድምፅ ለ29 ክርክሩ ተዘጋ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ፓርኔልና ተርሞንድ የተጠቀሙት አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። አንደኛው ለተገፋ ሕዝብ፥ ሁለተኛው የተገፋውን ሕዝብ እንደ ተገፋ ለማስቀረት። ደንብ እንደ በር ቍልፍ ነው፤ የቤቱ ጌታ ይሁን ሌባው የያዘውን እጅ አይለይም። ስለዚህ ደንብ የሚጽፍ ሰው የሚወደውን ተናጋሪ በልቡ እያሰበ ቢጽፍ፥ ነገ ያው ደንብ በሚጠላው ሰው እጅ ሲገባ ያየዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን አንቀበልም ብለው፥ ዓላማው ጥሩ ለሆነ ሰው ሰዓት ይጨመርለት አሉን። ዓላማው ጥሩ መሆኑን ማን ይፈርዳል ብለን ስንጠይቃቸው «አብላጫው» አሉ። ታዲያ አብላጫው እርሱን ቢወደው ኖሮ ጥቂት መባሉ ምን አመጣው?

የሰዓት ጌታ መሆን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቅርቡም ታይቷል። በለንደን ምክር ቤት ደንብ መሠረት የመንግሥት ጉዳይ ይቀድማል፤ ማለትም ስለ ምን እንደሚነጋገሩ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው። በሴፕቴምበር 3 ቀን 2019፥ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ያለ ስምምነት እንዳትወጣ የፈለጉ እንደራሴዎች፥ በማግሥቱ በምን ጉዳይ እንነጋገር የሚለውን ከመንግሥት እጅ ወስደው ለራሳቸው አደረጉት። ድምፁ 328 ለ301 ነበር። ያን ቀን የተወሰነው ሕግ አልነበረም፤ የማግሥቱ መርሐ ግብር ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ከመንግሥቱ ፓርቲ ጋር ሳይሆን ከተቃዋሚው ጋር ድምፅ የሰጡ 21 እንደራሴዎች በዚህ ምክንያት ከፓርቲያቸው ጎራ ተባረሩ። በጥቂት ቀናትም ውስጥ ሕጉ ወጣ።

አሁን ወደ ራሳችን ረቂቅ እንመለሳለን። ማኅበራችን ፓርላማ አይደለም፤ በእኛ ክርክር የሚታሰር ሰው የለም፥ ከርስቱም የሚነቀል የለም። ነገር ግን ከሁሉም ክፍል የመጡ ልጆች ይገኙበታል፤ በየስብሰባውም አብዛኛውን መቀመጫ የሚይዙት ከፍተኛ ክፍሎች ናቸው። ረቂቁ እንደ ተጻፈ ከጸደቀ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከቅርብ ጓደኞቻችን ጋር ሆነን፥ ከታችኛው ክፍል የመጣ ልጅ አፉን ሳይከፍት ክርክሩን ልንዘጋ እንችላለን። ይህ ሥልጣን ዛሬ ለእኛ ይመቸናል። በሚመጣው ዓመት ግን እኛ እዚህ አንኖርም፤ ደንቡ ግን ይኖራል።

ስለዚህ እንደሚከተለው እንዲሻሻል እንጠይቃለን። ክርክር የሚዘጋው አብላጫው ሲፈልግ ብቻ ሳይሆን፥ መዝጋቱን የሚደግፉት ከጠቅላላው የማኅበሩ አባላት ከሲሶ ያላነሱ ሲሆኑ ይሁን። ሰብሳቢውም ከተቃራኒው ወገን ቢያንስ ሁለት ተናጋሪዎች ሳይሰሙ የመዝጊያ ጥያቄ እንዳይቀበል ይታዘዝ። አንድ ሰው ብቻውን «እቃወማለሁ» በማለቱ ጉዳይ እንዳይቆም፥ ነገር ግን አምስት ሰዎች ከተነሡ ወደሚቀጥለው ስብሰባ እንዲተላለፍ ይሁን። አምስት ያልንበት ምክንያት፥ ከአምስት የሚያንስ ቍጥር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚቀመጡ ጓደኛሞች ስለማይበልጥ ነው።

የማሻሻያውን ወረቀት ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክበናል። ይህን ሐሳብ ለሚቃወም ሁሉ አምስት አምስት ደቂቃ ተሰጥቷል፤ ደወሉም በሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ነው።